ያልተፈረመባቸው ማክሰኞዎች

የሆላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር መንግሥታቸው ሥልጣን መልቀቁን ለንግሥቲቱ ያሳወቁት ሰኞ ቀን ነበር፤ በፈረንጆች 2012፣ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ። እኔ ዴን ሃግ፣ ፓርላማው ግቢ ውስጥ ከሌሎች ጋዜጠኞች ጋር በካፊያ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ካለ ሚኒስቴር በር ወጣ፤ ብስክሌቱን ከብረቱ ፈታ፤ ቦርሳውን ከኋላ አሰረና መቀመጫውን በእጁ ጠርጎ ሄደ። አጠገቤ የቆመው የሆላንድ ጋዜጠኛ ሰውየው አንድ ትልቅ መምሪያ የሚመራ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ በሩ ላይ የቆሙትን ፖሊሶች ቆጠርኩ። ሁለት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ስመጣም ሁለት ነበሩ።

አዲስ አበባ በሙያው በቆየሁበት ጊዜ መንግሥት ሲለወጥ አይቻለሁ። ያኔ ከተማው እንዴት ዝም እንዳለ፣ ሱቆች በስንት ሰዓት እንደተዘጉ፣ መንገድ ላይ የተጣለው መለዮ ስንት እንደነበር ዛሬም በቃሌ እናገራለሁ። ዴን ሃግ ውስጥ በዚያ ሰኞ የተዘጋ ሱቅ አላየሁም። ትራሙ በሰዓቱ መጣ።

ከዚያ በባቡር ወደ አምስተርዳም ሄድኩ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰኞ ምሽት፣ በአማርኛ የአንድ ሰዓት የሬዲዮ ዝግጅት ነበረን። ስቱዲዮው አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ለዜናው ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ተሰጥቶኝ ነበር። መንግሥቱ ሥልጣን መልቀቁን፣ ምክንያቱ የበጀት ድርድር መፍረሱን፣ ምርጫው በሴፕቴምበር እንደሚሆን ተናገርኩ። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ቢሮዎች ሥራቸውን እንደሚቀጥሉ ግን አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ዜና አይሆንም ብዬ አስቤ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ፓርላማው ተሰናባቹ መንግሥት ያቀረባቸውን ረቂቅ ሕጎች አንድ በአንድ ሲያያቸው ከሕዝብ መቀመጫ ሆኜ ተከታተልኩ። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው፦ መንግሥት ሲሰናበት ምክር ቤቱ የረቂቆቹን ዝርዝር ይዞ ይቀመጣል፤ የሚያከራክረው ለሚቀጥለው ምክር ቤት ይቆያል፤ የማያከራክረው ይቀጥላል። ስለ ውጭ አገር ሰዎች የቀረቡ ረቂቆችም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ሰብሳቢዋ ቁጥር ትጠራለች፤ እጅ ይወጣል፤ እጅ ይወርዳል፤ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ብዙ ሰው ለዓመታት የደከመበት ወይም ለዓመታት የፈራው ሕግ በአንድ እጅ ማውጣት መንገድ ላይ ይቆማል። የሚጮህ የለም። አንዱ የምክር ቤት አባል በመካከሉ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ስለ ብርቱካኑ ጻፍኩና መልሼ ሰረዝኩት፤ ለዜና አይሆንም።

ጁላይ መጀመሪያ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የልጅ ድምፅ ነው። አማርኛው ደህና ሆኖ ከሆላንድኛ ጋር ይደባለቃል።

“የሬዲዮው ሰውዬ አንተ ነህ?”

ነኝ አልኳት። አሥራ አንድ ዓመቷ መሆኑን፣ ከእናቷ ጋር ሮተርዳም አጠገብ ስኪዳም እንደሚኖሩ፣ ቁጥሬንም ሮተርዳም ከሚሄዱበት ጸሎት ቤት ካለች አንዲት ሴት እንደተቀበለች ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባች። “መንግሥት ለቀቀ ብለሃል። ግማሹን ነው የተናገርከው። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜልደን አትሄድም። መጥተህ ሌላውን ግማሽ ንገራት።”

ሜልደን የሚሉት የጥገኝነት ጥያቄው ያልተፈቀደለት ሰው በየሳምንቱ በተቀጠረበት ቀን የውጭ አገር ሰዎች ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ መፈረሙን ነው። አለሁ፣ አልጠፋሁም ማለት ነው። የእናቷ ቀን ማክሰኞ ነበር።

በሙያዬ ስሕተት ሲነገረኝ ወዲያው ማረጋገጥ ልማዴ ነው። ስልኩን ዘግቼ የዚያን ሰኞ ጽሑፍ አወጣሁና አነበብኩት። ልጅቱ ልክ ነበረች። በማግስቱ ሜትሮ ይዤ ስኪዳም ሄድኩ።

የሚኖሩት የጸሎት ቤቱ አባል የሆኑ አንድ ባልና ሚስት በለቀቁላቸው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። እናትየዋ ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፤ ዝግ ብላ ነው የምትናገረው። ወደዚህ አገር ስትመጣ ልጅቱ አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ጥያቄዋ ውድቅ ተደርጎ፣ ይግባኟም ወድቆ፣ ሌላ ጥያቄ አስገብታ ትጠብቅ ነበር። ልጅቱ “ተቀመጥ” ስትለኝ እናትየዋ ተሳቀቀች።

“ተቀመጡ በይ፤ ሰውዬው በዕድሜ አባትሽ ይሆናሉ።”

“እሺ፣ ተቀመጡ” አለች ልጅቱ። “አሁን ንገራት።”

ለምን መፈረም እንዳቆመች ጠየቅኳት። ጉዳዩ ያልገባት ሰው እንዳልነበረች መጻፍ አለብኝ። ምርጫ እንደሚኖር፣ ጦር እንደሌለ፣ ንግሥቲቱ በቦታቸው እንዳሉ አሳምራ ታውቃለች። ያቆመችው በሌላ ምክንያት ነው። በሰማንያ ሦስት፣ አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ሲለወጥ፣ አባቷ የቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ መጥቶ ይመዝገብ ተባለ። ጎረቤታቸው የነበሩ ሌላ ጸሐፊ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ መታወቂያቸውን ይዘው፣ በጠዋት ሄደው ተሰለፉ። ከሰልፉ በመኪና ተወሰዱ፤ የተመለሱት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። አባቷ አልሄዱም። አዲሶቹ እስኪረጉ ድረስ ከቤት አልወጡም፤ ምንም አልደረሰባቸውም። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው እንደ ሕግ የተያዘ ነገር ነበር፦ ሥልጣን እጅ ሲቀይር ስምህ ወደተጻፈበት ጠረጴዛ አትሂድ፤ አዲሶቹ ይርጉ።

“እኔም አዲሶቹ እስኪረጉ ነው የጠበቅኩት” አለችኝ። “ሴፕቴምበር ላይ ይመረጣል፤ ከዚያ ወር ሁለት ወር ብጨምርበት ምን ይሆናል? ልጄን ደግሞ ትምህርት ቤቷ በየቀኑ ያያታል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ያውቃታል። ጠፍታለች የሚለኝ የለም።”

ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈቱ ፖስታዎች ተደርድረው ነበር። አንዱንም አልከፈተችም። ከአሮጌው መንግሥት የመጣ ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል አለች።

የማውቀውን ነገርኳት። ሚኒስትሮቹ ቢሰናበቱም ሕጉ ሌላ እስኪተካው ድረስ የቀድሞው ነው፤ የጠረጴዛው ሰውም ያው ነው አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ አባቷም የሚመክር ወዳጅ እንደነበራቸው፣ እንዲያውም እኔን እንደሚመስል ተናገረች። ልጅቱ ሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅኩ። በማስረጃ የማይነካ ነገር ፊት ተቀምጬ እንደነበር ግን ገብቶኛል። ያየችውን አይታለች።

ነገሩን የፈታችው ልጅቱ ናት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የበጋ ዕረፍት ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ተነሥታ የብስክሌት ቁልፏን ከሚስማሩ አወረደች።

“ነገ ማክሰኞ ነው” አለች። “ብቻዬን ሄጄ እጠይቀዋለሁ።”

“ማንን?”

“ፖሊሱን። እናቴ ትፈራሃለች፣ ልትፈራህ ይገባል ወይ እለዋለሁ።”

እናትየዋ ልጇን ብቻዋን ወደዚያ ጠረጴዛ ከምትልክ የአባቷን ሕግ ብትጥስ ይሻላት ነበር። በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን።

ሮተርዳም ያለው ቢሮ ተራ ቢሮ ነው፤ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን፣ ከወለሉ ጋር የተያያዙ ወንበሮች፣ መስታወት። እናትየዋ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ የጥርስ ብሩሽና የልጅቱ ቅያሪ ልብስ ነበር፤ ያየሁት መታወቂያዋን ስታወጣ ነው። ቁጥራችን ሲጠራ ከመስታወቱ ጀርባ ሽበት የወረሰው ወፍራም ሰው ኮምፒውተሩን ተመለከተ።

ሰውየው ረዘም ላለ ጊዜ አልመጡም አለ። ልጅቱ ከእናቷ ቀድማ በሆላንድኛ መለሰችለት፦ እናቴ ሁላችሁም የሄዳችሁ መስሏት ነበር።

ሰውየው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያት። “ወዴት ነው የምሄደው?” አለ። እሱ እዚያ ወንበር ላይ ሳለ ስንት ሚኒስትር እንዳለፈ በጣቱ ሊቆጥር ጀመረና ተወው። ደብዳቤ እንደተላከላት፣ እንድትከፍተው፣ እንደገና ብትቀር ግን ከአገር እንደወጣች ተደርጎ እንደሚመዘገብ በቁምነገር ነገራት። አስፈረማት። የሚቀጥለውን ማክሰኞ በትንሽ ካርድ ላይ ጻፈላት። በቃ። ከገባን አሥር ደቂቃ አልሞላም።

ውጭ ስንወጣ እናትየዋ ከግድግዳው ጋር ተደግፋ ቆመች። ፊቷን አላየሁም፤ ዞር ብዬ የትራም ሰሌዳ አነበብኩ።

በሴፕቴምበር ምርጫው ተደረገ። በጋውን ሙሉ ሕዝቡን ‘ያንኛውን አስቁሙልን’ እያሉ ሲለምኑ የከረሙት ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አሸነፉ፤ ከዚያም አብረው ለመግዛት ለድርድር ተቀመጡ። ሳምንታት ፈጀ። እኛ ጋዜጠኞች በር ላይ ቆመን ሰዎቹ ሲገቡና ሲወጡ እናይ ነበር፤ ውስጥ የሚባለውን የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ የስምምነቱን ጽሑፍ አወጡት። ዴን ሃግ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስለ ጡረታ፣ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ግብር ይላል። መሐል ላይ ጥቂት መስመር፦ ጥገኝነት ጠይቀው እዚህ ለዓመታት የኖሩ ልጆች ፈቃድ የሚያገኙበት ሥርዓት ይወጣል።

ባቡሬ መጣ፤ አልተሳፈርኩም። ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው አንዱ የቤት ብድርን ሰጠ፣ ሌላው ይህን ተቀበለ፤ ወይም በተገላቢጦሽ። ዝርዝሩን አላውቅም፤ ስለማላውቀውም አልጻፍኩም። የማውቀው የእነዚያ ጥቂት ሰዎች ብዕር ስኪዳም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ድረስ መድረሱን ነው። የሚቀጥለው ባቡር እስኪመጣ ያንኑ መስመር ደጋግሜ አነበብኩ።

ዝርዝር ሁኔታዎቹ በኋላ ወጡ። ልጁ ቢያንስ አምስት ዓመት የኖረ ይሁን፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ደግሞ በተከታታይ ከሦስት ወር በላይ ከመንግሥት ዕይታ ያልተሰወረ ይሁን። ይህን ለእናትየዋ ያነበቡላት ሮተርዳም ያሉት ጠበቃዋ ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሆላንዳዊት። እኔ ለማስተርጎም ተጠርቼ ነበር። ጠበቃዋ መሐል ላይ የተቋረጠ ጊዜ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩ። እናትየዋ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ወደ እሷ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ የጎረቤታቸውን ሸሚዝ ሳይቀር።

ጠበቃዋ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ትምህርት ቤቱ ልጅቱን በየቀኑ አይቷታል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ያውቃል፤ እኔ ይህ ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ሠራተኛ ልጅቱ አንድም ቀን እንዳልጠፋች የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋም ሰጥታ ነበር። ጠበቃዋ አነበቡትና በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ አይጠቅምም” አሉ። ደንቡ የሚለው የዴን ሃግን፣ የማዕከላዊውን መንግሥት ዕይታ ነው፤ የከተማ ዐይን እንደ ዐይን አይቆጠርም። ከተማዋ ልጅቱን ስታስተምራት፣ ስታስከትባት፣ ስትቆጥራት ኖራለች፤ ዴን ሃግ ያላት ግን ያ መስታወት ብቻ ነው። በኋላ ብዙ ከንቲባዎች ይህን ተቃውመዋል፤ በጊዜው ግን ደንቡ ይኸው ነበር።

ስለዚህ የቀረው የመስታወቱ መዝገብ ነው። ጠበቃዋ ጠይቀው እስኪላክ ሳምንታት አለፉ። እናትየዋ በዚያ ጊዜ ምግብ መብላት እንደተወች ልጅቱ በስልክ ነገረችኝ። ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ እኔም ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ድርሻ እንዳለኝ ለእናትየዋ ነገርኳት። “እርስዎ ባይናገሩም ቴሌቪዥን ነበረኝ” አለች። ሸክሙን ልትቀንስልኝ ነው።

መዝገቡ ሲደርስ ጠበቃዋ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ዓመታት በሙሉ፣ ማክሰኞ በማክሰኞ፣ ቀንና ሰዓት። ሁለት መንግሥት ሥር የተሠራ መዝገብ ነው፤ ፊደሉ እንኳ አልተለወጠም። ከዚያ ኤፕሪል ላይ ይቋረጣል። ጠበቃዋ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አውርደው በእርሳስ መቁጠር ጀመሩ፤ እኔም በማስታወሻዬ ለብቻዬ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ማክሰኞ ባዶ ነው። ከመጨረሻው ፊርማ እስከሚቀጥለው ሰማንያ አራት ቀን። ሁለታችንም ተመሳሳይ ቁጥር ላይ ደረስን። ሦስት ወር ሊሞላ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር።

ጠበቃዋ እርሳሱን አስቀመጡ። እኔ የማስበው ያንን ማክሰኞ ነው። ያን ቀን እኛ ወደ ቢሮው ስንሄድ ሦስት ወር የሚል ደንብ በዓለም ላይ አልነበረም። የሚጽፉት ሰዎች ገና አልተመረጡም። ደንቡ ኋላ ተጽፎ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ያንን እርምጃችንን ለካ። ሃያ ዓመት ያህል ስለ ሕግ ዜና ስጽፍ ሕግ ወደፊት የሚሄድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ያየሁት ግን ሕግ የመጣበትን መንገድ ሁሉ እንደሚያይና ማንን የት እንዳገኘው እንደሚመዘግብ ነው።

ደንቡን በሬዲዮ ባስተላለፍኩ ሰሞን፣ በዚህ ጊዜ ምንም ሳላስቀር፣ ብዙ ሰው ደወለልኝ። ከቭላርዲንገን ከተማ አንድ አባት ደውሎ፣ ሌላ ከተማ ወዳለ ዘመዱ ዘንድ ሄዶ ልጆቹን ይዞ ሳይፈርም እንደቆየ ነገረኝ፤ አሥራ አራት ሳምንት። ደግሞ እንዲቆጥር ጠየቅኩት። ቆጠረ። አሥራ አራት ነው። የጠበቃዋን ስልክ ሰጠሁት፤ ከዚያ በላይ የምሰጠው አልነበረኝም። ጉዳዩ የት እንደደረሰ አላውቅም።

የስኪዳሞቹ ውሳኔ በሚቀጥለው ዓመት በጋ መጣ። ፖስታውን ልጅቱ ከፈተችው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሊያሳዩኝ ወደ ቤታቸው ጠሩኝ። ለልጅቱ ፈቃድ ተሰጥቷል፤ ለእናትየዋም በልጇ ምክንያት። ከታች የሚኒስቴሩ ስም አለ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩና መለስኩላት። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ በሆላንድኛ ትከራከር ነበር፤ ስለ ትምህርት ቤት ጉዞ ነው፤ ወደ ጀርመን፤ እሷም አሁን መሄድ ትችላለች።

እናትየዋ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

“ይህኛውስ መንግሥት ሲሰናበት?”

ሥራዬ የማውቀውንና የማላውቀውን መለየት ነው። የሚቀጥለው መንግሥት ምን ሕግ እንደሚያወጣ አላውቅም አልኳት፤ ይህን ደንብ ሊዘጋው ይችላል፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት ሊያጠብበው ይችላል። እጅሽ ላይ ያለው ውሳኔ ግን ከጻፉት ሰዎች ጋር አብሮ አይሰናበትም። ሊነጥቁሽ ቢፈልጉ ምክንያት ማቅረብ አለባቸው፤ አንቺም ዳኛ ፊት መቆም ትችያለሽ።

ደግሜ እንድናገረው ጠየቀችኝ። ደገምኩት።

“እንግዲያው ያን ቀን የት ልሁን?” አለች።

የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ ልታመለክት ቅጽ መሙላቷን ቀደም ብላ ነግራኝ ነበር። “ሥራሽ ላይ” አልኳት።

“ሥራዬ ላይ” አለች። ወረቀቱን በአራት አጠፈችው፤ ከዚያ መታጠፍ እንደሌለበት ትዝ አላትና ዘርግታ በመዳፏ ታስተካክለው ጀመር።